ስለ ታመነ ዐይን፤ የዙሐል ኮከብ ፎቶግራፎች ታሪክ

ማየት ለፍጡር ሁሉ የተሰጠ ነው። በሬም ያያል፥ ወፍም ታያለች። ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መዝግቦ ለሚመጣው ትውልድ ማስረከብ ግን የሰው ብቻ ሥራ ነው፤ ለሰውም ቢሆን ያለ ትጋትና ያለ ታማኝነት አይሆንለትም። በወሎ አገራችን የረመዳንን ጨረቃ አየሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው ቃሉ የሚሰማለት ዐይኑ ስለ በራ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛነቱ በጎረቤቶቹ ዘንድ የታወቀ ሲሆን ነው። የዕውቀትም ነገር እንዲሁ ነው። አንዱ ያየውን ሌላው አምኖ ይቀበለዋል፥ በተቀበለውም ላይ የራሱን ይጨምርበታል፤ ከመካከላቸው አንዱ የዋሸ እንደ ሆነ ግን በርሱ ላይ የተካበው ሁሉ ይናዳል።

ይህን ነገር ለወጣቶች በባዶ ምክር ከመንገር በታሪክ ማስረዳት ይሻላል። ስለዚህ ፈረንጆች ሳተርን፥ ዐረቦች ዙሐል የሚሉት፥ በቀድሞ መጻሕፍታችንም ዙሐል ተብሎ የሚጠራው ባለቀለበት ኮከብ ከነጨረቃዎቹ በፎቶግራፍ እንደምን እንደ ታወቀ እንተርካለን። ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከደሴ እንጀምረዋለን። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፥ በ1882 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በጦሳ ተራራ ሥር ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱም በነገሩ ተደንቀው ቦታውን፥ ደስታዬ ለማለት፥ ደሴ ብለው ሰየሙት ይባላል። ኋላም ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አደረጓት፤ ከተማዪቱም ሰፋች። እንግዲህ ከሆጤ እስከ ገበያው ድረስ የሚመላለሰው የደሴ ሰው ሁሉ የከተማውን ስም በጠራ ቍጥር፥ ምንም እንኳ ባያስበው፥ አንድ የሰማይ እንግዳ ያስታውሳል።

በዚያው በ1882 በመስከረም ወር በዓለም ዙሪያ አንድ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ታይቶ ነበር። ብርሃኑም ከመበርታቱ የተነሣ በቀትር እንኳ ከፀሐይ አጠገብ ይታይ ነበር። በዚያ ጊዜ በአህጉራችን በደቡብ ጫፍ፥ በኬፕ ታውን አጠገብ ባለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት ዴቪድ ጊል የሚባል ስኮትላንዳዊ ሊቅ ይሠራ ነበር። ይህ ሰው ኮከቡን በፎቶግራፍ ለማንሣት ፈለገ፤ ነገር ግን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ በአካባቢው የሰው መልክ በማንሣት የሚተዳደር አንድ ባለፎቶግራፍ ለመነና፥ የዚህን ሰው ካሜራ በቴሌስኮፑ ላይ አሰረው። ቴሌስኮፑ የሰማዩን ዙረት እየተከተለ ሲንቀሳቀስ፥ ካሜራው ለረጅም ጊዜ ዐይኑን ከፍቶ ቆየ። ሰሌዳው ከታጠበ በኋላ ጅራታሙ ኮከብ እንደ ታሰበው ታየ፤ ከርሱ ኋላ ግን ብዙ ከዋክብት ነጥብ ነጥብ ሆነው ተቀርጸው ተገኙ።

ከዚህ ላይ ወጣቶች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። የአባቶቻችን ደስታ ከጊል አድናቆት የሚያንስ አልነበረም። እነርሱም ዐይናቸውን ወደ ሰማይ አንሥተዋል፤ ደስታቸውንም በከተማ ስም አትመውታል። የጊል ብልጫ የተደነቀበትን ነገር ሌላ ሰው ሊለካው በሚችል ነገር ላይ ማስቀመጡ ነው። ደስታ ባይኖር ማንም ወደ ሰማይ አያይም ነበር፤ መዝገብ ባይኖር ግን ደስታው ከተደሰተው ሰው ጋራ ይቀበራል።

ጊል ያን ሰሌዳ ካየ በኋላ የደቡብን ሰማይ በሙሉ በፎቶግራፍ ለማንሣት ቈረጠ። በሆላንድ አገር ደግሞ ያኮቡስ ካፕታይን የሚባል መምህር ነበር። ይህ ሰው የራሱ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ስላልነበረው አላጕረመረመም፤ ጊል ከአፍሪቃ የሚልክለትን ሰሌዳ እየተቀበለ፥ እያንዳንዱን ነጥብ እየለካ፥ ከ10 ዓመት በላይ ደከመበት። ከሁለቱም ሰዎች ድካም 454,875 ከዋክብት የተጻፉበት መዝገብ ወጣ። አንዱ አየ፥ ሁለተኛው ለካ፤ አንዱ በሌላው ባይታመን ኖሮ ግን መዝገቡ አይኖርም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፥ በ1898 በፔሩ አገር በተነሡ ሰሌዳዎች ላይ፥ ዊልያም ፒከሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ፊቢ የተባለችውን የዙሐልን ጨረቃ አገኘ። በፎቶግራፍ የተገኘች የመጀመሪያዪቱ ጨረቃ እርስዋ ናት።

ዙሐል እንዴት ያለ ኮከብ እንደ ሆነ ለመረዳት ግን ከፎቶግራፍ በፊት ወደ ነበረው ዘመን ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል። በ1610 ጣሊያናዊው ጋሊሌዎ አዲስ በተሠራው መነጽሩ ዙሐልን ቢመለከት አንድ ሳይሆን ሦስት ኮከብ መሰለው፤ በመካከል ትልቁ፥ በግራና በቀኝም ሁለት ትንንሾች። በ1612 ደግሞ ቢመለከት ሁለቱ ትንንሾች ጠፉ። ጋሊሌዎም እጅግ ተጨነቀ። ቀድሞ የጻፈውን ለመደበቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን መጀመሪያ ያየውንም፥ መጥፋቱንም፥ መደነቁንም ሁሉ ጻፈ። ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ። ዛሬ እኛ እንደምናውቀው፥ ዙሐል ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት፥ በየ15 ዓመቱ ገደማ ቀለበቱ በጠርዙ ወደ እኛ ይመለሳል፤ ጠርዙም ስስ ስለ ሆነ ከዐይን ይሰወራል። እንዲህ ያለው ነገር በቅርቡ በመጋቢት 2025 ሆኗል።

የጋሊሌዎን ጥያቄ የፈታው ክርስቲያን ሃይኸንስ የሚባል ሆላንዳዊ ወጣት ነው። በ1655፥ ዕድሜው ገና 25 ዓመት ሳለ፥ ታይታን የተባለውን ትልቁን የዙሐል ጨረቃ አገኘ፤ በ1659 ባሳተመው መጽሐፍም ዙሐል በምንም በኩል የማይነካው ስስ ቀለበት እንደ ከበበው አስረዳ። ቀጥሎም በፓሪስ የተቀመጠው ጣሊያናዊ ጆቫኒ ካሲኒ አራት ጨረቃዎችን አገኘ። ከነዚህም አንዷ ያፔተስ፥ በዙሐል በስተምዕራብ ስትሆን ትታያለች፥ በስተምሥራቅ ስትሆን ግን ትጠፋለች። ካሲኒ በ1671 ይህን ካየ በኋላ፥ የጨረቃዪቱ አንደኛው ፊት ብሩህ፥ ሁለተኛው ፊት ጨለማ መሆን አለበት ብሎ ፈረደ። በስተምሥራቅ ሆና ለማየት የቻለው የተሻለ መነጽር ባገኘ ጊዜ በ1705 ነው፤ 34 ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። ከ300 ዓመት ያህል በኋላ የተላኩት መንኰራኵሮችም ያ ፍርድ ትክክል እንደ ነበረ በፎቶግራፍ መሰከሩለት። ቀለበቱም አንድ ወጥ ነገር እንዳይደለ፥ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ከሚዞር እጅግ ብዙ ቅንጣት እንደ ተሠራ፥ በ1859 ጄምስ ማክስዌል በሒሳብ አስረዳ።

ከምድር ሆኖ ማየት ግን ወሰን አለው። የምንተነፍሰው አየር እንደ ወንዝ ውሃ ስለሚናወጥ የኮከቡን መልክ ያደበዝዘዋል፤ ርቀቱም ከ1 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዙሐል ወርዱ ከምድራችን ወርድ 9 ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጣል። ዋናው ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር ከ270,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ውፍረቱ በብዙው ስፍራ ከ10 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ከጨረቃዎቹም አንዷ ማይመስ ወርዷ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ባለው የመኪና መንገድ ልክ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በዚያ ርቀት ላይ አጥርቶ ለማየት ካሜራውን ራሱን ወደዚያ መላክ ግድ ሆነ።

መጀመሪያ የሄደው ፓይኒር 11 የተባለው የአሜሪካ መንኰራኵር ነው። በ1973 ተነሥቶ በመስከረም 1 ቀን 1979 ከዙሐል ደመና 21,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አለፈ። ሥዕሉንም የሚያነሣው እንደ ሌላው ካሜራ በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ መንኰራኵሩ እንደ እንዝርት በዞረ ቍጥር አንድ አንድ መስመር እየለቀመ ነበር እንጂ። ፎቶግራፎቹ ከኋላው ከመጡት ጋራ ሲነጻጸሩ ደብዛዛ ናቸው። ነገር ግን ሥራው ይህ ብቻ አልነበረም። ከኋላው ቮያጀር የሚባሉ ሁለት መንኰራኵሮች ይመጡ ነበርና፥ ከሁለቱ አንዱ ሊያልፍበት ባለው መንገድ ላይ የቀለበቱ ፍርስራሽ እንዳይኖር አስቀድሞ በዚያው እንዲያልፍ ተደረገ። ቢሰበር እርሱ ይሰበር ተብሎ ቀድሞ ተላከ፤ ደኅና አለፈ፥ መንገዱም ደኅና መሆኑ ታወቀ። ለኋለኛው መንገድ የሚጠርግ ሁሉ ስሙ ብዙ ባይነሣም ሥራው አይጠፋም።

ቮያጀር 1 በኅዳር 12 ቀን 1980፥ ቮያጀር 2 በነሐሴ 1981 ከዙሐል ደረሱ። ካሜራቸው እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ መናገር ይገባል። አንዱን ሥዕል በ800 መስመር፥ እያንዳንዱን መስመር ደግሞ በ800 ነጥብ ይከፍለዋል፤ ይህም ሲባዛ 640,000 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱም ነጥብ ከጥቁር እስከ ነጭ ካሉት 256 ደረጃዎች አንዱን ቍጥር ይሰጠዋል። እነዚህ ቍጥሮች በራዲዮ ወደ ምድር ይላካሉ። የራዲዮው ኀይል ከአንድ አነስተኛ የቤት አምፑል የማይበልጥ ሲሆን፥ መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት እየተጓዘ እንኳ ወደ እኛ ለመድረስ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በአሜሪካ፥ በእስፓኝና በአውስትራሊያ የተተከሉት ታላላቅ አንቴናዎች ያን የደከመ ድምፅ ይለቅማሉ። ከዚህ በኋላ ቍጥሮቹ ተመልሰው ነጥብ፥ ነጥቦቹም ተመልሰው ሥዕል ይሆናሉ።

በዚህ መንገድ የመጡት ሥዕሎች ሊቃውንቱን እጅግ አስደነቁ። ከምድር ሲታይ ጥቂት የነበረው የቀለበቱ ክፍል ብዙ ሺህ ሆኖ ተገኘ። በማይመስ ላይ ከወርዷ ሲሶ ያህል የሚሆን ጕድጓድ ታየ። ታይታን ግን ፊቱን አላሳየም፤ በብርቱካን ቀለም ጉም ተሸፍኖ ነበር። ቮያጀር 1 ወደ ታይታን ቀርቦ እንዲያልፍ መንገዱን ስላጠፈ ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ ፕላኔት ሊሄድ አልቻለም። ይህ አስቀድሞ ታውቆ የተወሰነ ነበር። እርሱ ሥራውን ሳይፈጽም ቢቀር ወንድሙ ቮያጀር 2 በምትኩ ወደ ታይታን ይመለስ ነበርና፥ ሌሎቹ ሁለቱ ሩቅ ፕላኔቶች ሳይታዩ ይቀሩ ነበር። የመጀመሪያው የታዘዘውን ስለ ፈጸመ ሁለተኛው ነጻ ሆኖ በ1986 ወደ ኡራነስ፥ በ1989 ወደ ኔፕቱን ደረሰ።

ነገር ግን ቮያጀር 2 ራሱ በዙሐል አጠገብ ችግር ደረሰበት። ፕላኔቱን እንዳለፈ ካሜራዎቹን የሚያዞረው መድረክ ደርቆ ቀረ፤ ከጨረቃዎቹ የሚጠበቁት አንዳንድ ሥዕሎችም ጠፉ። መሐንዲሶቹ መንኰራኵሩን በእጃቸው ሊነኩት አይችሉም፤ ከመካከላቸው የተቈጣም ቢኖር ቍጣው እስከዚያ አይደርስም። ስለዚህ የዚያኑ መሣሪያ አምሳያ በምድር ላይ እያሽከረከሩ ሞከሩ፥ እስኪደርቅም አደከሙት፤ በመጨረሻም መድረኩ በብዙ ፍጥነት ስለ ዞረ ቅባቱ ከጥርሱ እንደ ሸሸ ተረዱ። ከዚያ ወዲያ ቀስ ብለው አዞሩት፤ የኡራነስና የኔፕቱን ሥዕሎች የተገኙት በዚህ ትዕግሥት ነው።

ደሴ ከተሰየመችበት ዓመት 100 ዓመት ሲሞላ፥ በ1982፥ የአውሮጳና የአሜሪካ ሊቃውንት በዙሐል አጠገብ የሚያልፍ ብቻ ሳይሆን በዚያ የሚቀመጥ መንኰራኵር እንዲላክ አሳብ አቀረቡ። ስሙም በቀደሙት ሰዎች ስም ካሲኒና ሃይኸንስ ተባለ። አሳቡ ከቀረበ 15 ዓመት ቆይቶ በጥቅምት 1997 ተነሣ፤ ለመድረስም 7 ዓመት ያህል ፈጀበት። አሳቡን ካቀረቡት መካከል በጐልማሳነት ጀምረው ፍሬውን በሽበት ያዩት ጥቂቶች አይደሉም።

መንኰራኵሩ ገና በመንገድ ላይ ሳለ የሆነው ነገር ለወጣቶች ሊነገር የሚገባው ነው። ካሲኒ ሃይኸንስ የተባለችውን ትንሽ መንኰራኵር በታይታን ላይ ጥሎ፥ እርስዋ የምትልከውን ሥዕል ተቀብሎ ወደ ምድር ማስተላለፍ ነበረበት። ቦሪስ ስሜድስ የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ መቀበያው ራዲዮ ከምድር ይፈተን አለ። ሌሎች ግን ፈተናው አያስፈልግም አሉ። እርሱም አላርፍ ብሎ አስፈቀደና በ2000 ከካሊፎርኒያ አንቴና እንደ ሃይኸንስ ሆኖ መልእክት ቢልክ፥ ካሲኒ ሊሰማው አለመቻሉ ታወቀ። ሁለቱ መንኰራኵሮች እርስ በርሳቸው በብዙ ፍጥነት ሲቀራረቡ የሚለወጠውን የመልእክት ምት መቀበያው መከተል አይችልም ነበር። መሣሪያውን ማደስ የማይቻል ስለ ሆነ የካሲኒን መንገድ ለወጡት፤ ከታይታን ርቆ እንዲያልፍም አደረጉት። ያ አንድ ሰው ነገሩ ሁሉ ደኅና ነው የተባለውን ተቀብሎ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ፥ የታይታን ሥዕል ሁሉ በባዶ ሰማይ ፈስሶ በቀረ ነበር።

በጥር 14 ቀን 2005 ሃይኸንስ በጃንጥላ ተንጠልጥላ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ስትወርድ ከቆየች በኋላ በታይታን መሬት ላይ አረፈች። በጉሙ ሥር ምን እንዳለ ያን ቀን ታወቀ፤ ወንዝ የፈሰሰበት የሚመስል ሸለቆ፥ በፈሳሽ ተንከባሎ የለሰለሰ የበረዶ ድንጋይ ታየ። በዚያ የሚፈሰው ግን ውሃ አይደለም፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ ውሃ እንደ አለት ይጠነክራልና፥ የሚዘንበውና የሚፈሰው ሜቴን ነው። ሥዕሎቹ 700 ያህል ይሆናሉ ተብሎ ነበር፤ የደረሱት ግን 350 ያህል ብቻ ናቸው። ከሁለቱ መቀበያዎች አንደኛው እንዲከፈት የሚያዘው ትእዛዝ ሳይጻፍ ተረስቶ ነበርና። ስሕተቱም አልተሸሸገም፤ ለዓለም ሁሉ ተነገረ። ታላቁን ጕድለት አንድ ሰው በትጋቱ ሲያድነው፥ ትንሹ መርሳት ደግሞ ግማሹን ሥዕል አጠፋ። በሥራ ቦታ ትንሽ የሚባል ነገር እንደሌለ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ካሲኒ ካያቸው ነገሮች ሁሉ ይልቅ ዓለምን ያስገረመችው ግን ወርዷ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች ኤንሴላደስ የተባለች ነጭ ጨረቃ ናት። በ2005 መጀመሪያ የመግነጢስ መለኪያው በዙሪያዋ አንድ እንግዳ ነገር አመለከተ። ሚሼል ዶኸርቲ የተባለችው የዚያ መለኪያ ኀላፊ መንኰራኵሩ ቀርቦ እንዲያይ ጓደኞችዋን ለመነች፤ በሐምሌ ወርም 173 ኪሎ ሜትር እስኪቀር ድረስ ቀረበ። በደቡብ ዋልታዋ ላይ ከሌላው አካሏ የሞቁ አራት ታላላቅ ስንጥቆች ተገኙ፤ በኅዳርም ከነርሱ የሚፈልቀው የውሃ እንፋሎትና የበረዶ ብናኝ በፎቶግራፍ ታየ። ከበረዶው ሥር የጨው ባሕር እንዳለ በኋላ ተረጋገጠ። ለስንጥቆቹም እስክንድርያ፥ ካይሮ፥ ባግዳድና ደማስቆ የሚል ስም ተሰጣቸው። ጳጳሳት ከእስክንድርያ ይመጡላት ለነበረችው አገራችን፥ የካይሮንና የባግዳድን ሊቃውንት መጻሕፍት ሲቀሩ ለኖሩት ለወሎ ሸኾችም፥ እነዚህ ስሞች እንግዶች አይደሉም።

በሐምሌ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ካሲኒ በዙሐል ጥላ ውስጥ ገብቶ ፀሐይን ከጋረደ በኋላ፥ ካሜራውን ወደ ምድር አዞረ። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ስድስት ተኩል ገደማ ነበር። ከ1.44 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት በተነሣው በዚያ ሥዕል፥ ምድራችን ከቀለበቱ በታች እንደ ሰማያዊ ነጥብ ሆና ትታያለች። ደሴም፥ ለንደንም፥ መካም፥ ኢየሩሳሌምም፥ ንጉሡም፥ እረኛውም፥ ሁሉ በዚያች ነጥብ ውስጥ ናቸው። መንኰራኵሩም ነዳጁ ሊያልቅ ሲል በመስከረም 15 ቀን 2017 በሊቃውንቱ ትእዛዝ ወደ ዙሐል ወርዶ ተቃጠለ። ይህን ያደረጉት፥ ሳይታዘዝ ቢቅበዘበዝ ኤንሴላደስን ወይም ታይታንን ገጭቶ፥ ከምድር ይዞት የሄደው ረቂቅ ነፍስ ያለው ነገር የዚያን ስፍራ እንዳይበክል ነው። በ13 ዓመት ውስጥ ያነሣቸው ሥዕሎች 453,048 ናቸው። በ2025 የታወቁት የዙሐል ጨረቃዎች ቍጥር 274 ደርሷል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ስለ ቀለም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የነዚህ መንኰራኵሮች ካሜራ ቀለም አያውቅም። አንዱን ነገር በልዩ ልዩ ቀለም መስተዋት ውስጥ ደጋግሞ ያነሣና፥ በኋላ ሥዕሎቹ ተደራርበው ቀለም ይወጣላቸዋል። ሊቃውንቱም አንዳንድ ጊዜ፥ ረቂቁ ልዩነት እንዲታይ፥ ቀለሙን ሆን ብለው ያጐሉታል። ይህን ሲያደርጉ ግን ከሥዕሉ ሥር ቀለሙ የጐላ ነው ብለው ይጽፋሉ። ያ አንድ መስመር ጽሑፍ ባይኖር ሥዕሉ ውሸት ይሆን ነበር፤ በመኖሩ ግን ዕውቀት ሆነ። ዛሬ ማንም ሰው በኪሱ ካሜራ ይዞ ይሄዳል፤ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕልም በአንድ ደቂቃ ተሠርቶ ከአገር አገር ይበርራል። በሐሰት ሥዕል ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤቱ ሊጣላ፥ ደም እስከ መፋሰስም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከሥዕሉ ሥር እውነቱን የሚጽፍ ሰው መሆን ዛሬ የሊቃውንት ብቻ ግዴታ አይደለም።

አገራችንም ከዚህ ሥራ ጨርሳ የራቀች አይደለችም። በ1996 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ማኅበርን መሠረቱ። ዳቦ ሳይጠገብ ስለ ኮከብ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚላቸው ብዙ ነበር። እነርሱ ግን አልተመለሱም፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ወርድ 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዪቱ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወጣች። ክብደትዋ 70 ኪሎ ያህል ሲሆን፥ የተሠራችው በቻይና ርዳታና በኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ተካፋይነት ነው። ካሜራዋም የተመለከተው ወደ ዙሐል አይደለም፤ ወደ ገዛ አገራችን ማሳ፥ ደንና ውሃ ነው። ለዳቦ ምን ይጠቅማል ለሚሉትም መልሱ ይህ ነው፤ ሩቅ ኮከብን ያሳየ ጥበብ የዝናምን መቅረትና የሰብልን መድረቅ ያሳያል። ድርቅ ምን እንደ ሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያች ቀን ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የዓለም የከዋክብት ሊቃውንት ማኅበር፥ አንድሮሜዳ በተባለው የሰማይ ክፍል ያለውን አንድ ኮከብ ቡና፥ በርሱ ዙሪያ የሚዞረውንም ታላቅ ፕላኔት አቦል ብሎ ሰየመ። ስሙን ያወጡት ኢትዮጵያውያን ናቸው። አቦል የታወቀው በፎቶግራፍ ታይቶ አይደለም፤ ኮከቡን በስበቱ ወዲያና ወዲህ ሲያነቃንቀው ተለክቶ ነው። ስሙን እኛ አወጣን፤ መልኩን ማየት ደግሞ ለሚመጣው ሰው የቀረ ሥራ ነው። ቶና እና በረካ ገና አልተቀዱም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁላችሁም ኮከብ ቈጣሪዎች ሁኑ የሚል አይደለም። ከእናንተ አንዱ በሐኪም ቤት የበሽተኛን ሙቀት ይለካል፤ ሌላው በመዝገብ ቤት የገቢና የወጪ ቍጥር ይጽፋል፤ ሌላው የመሬት ወሰን ይለካል፤ ሌላውም በፍርድ አደባባይ ላየው ነገር ይመሰክራል። ሁሉም ለማያውቀው ሰው ያያል። ጋሊሌዎ ያልገባውን ሳይደብቅ እንደ ጻፈ፥ ያልገባችሁን አትደብቁ። ስሜድስ ሁሉ ደኅና ነው ሲባል እንደ ፈተነ፥ እናንተም ፈትኑ። የተረሳ ትእዛዝ ግማሹን ሥዕል እንዳጠፋ አስታውሳችሁ፥ ትንሹን ሥራ አትናቁ። ስሕተት ቢገኝባችሁም ቶሎ ተናገሩ፤ የተነገረ ስሕተት ይታረማልና።

ዙሐል ፀሐይን አንድ ጊዜ ሲዞር ሕፃኑ ጐልማሳ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ሲዞር ጐልማሳው ያረጃል፤ ሦስተኛውን ዙር ፈጽሞ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ነገሩን ሁሉ በራሱ ዐይን አይቶ ሊጨርስ አይችልም። ከፊቱ የነበረው ያየውን ይቀበላል፥ የራሱን ዘመን ያያል፥ ከኋላው ለሚመጣውም ይተዋል። የምትተዉት ጥቂት ቢሆንም እውነተኛ ይሁን። በምሽት ከሆጤ ሆናችሁ ከጦሳ ራስ በላይ የማይንቀጠቀጥ ብጫ ኮከብ ያያችሁ እንደ ሆነ፥ ዙሐል መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ያያችሁበትንም ቀንና ቦታ በደብተራችሁ ጻፉት።